«አጥፍተህ አስነሳው»

ካራንቲና በደቡብ ጅዳ፣ ከእስላማዊው ወደብ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የቆየ ሰፈር ስም ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ «አርባ» ከሚለው ቁጥር የተወለደ ሲሆን፣ ከባሕር የመጣ ሰውና ዕቃ ወደ ከተማ ከመዝለቁ በፊት ተለይቶ የሚቆይበትን ጊዜ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1865 በሐጅ ወራት የተቀሰቀሰው ኮሌራ በግብጽ በኩል አውሮፓ ከደረሰ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት በኢስታንቡል የተሰበሰቡት መንግሥታት በቀይ ባሕር የሚያልፉ ሑጃጆች እየተለዩ እንዲመረመሩ መከሩ። የካማራን ደሴት ጣቢያም ሆነ የጅዳው ካራንቲና የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ሐሳቡም ግልጽ ነበር፦ መንገደኛው ከመለቀቁ በፊት ይቆማል፤ ከቆመም በኋላ ይመረመራል።

ሐበሾች ግን ሰፈሩን የሚያውቁት በሌላ ታሪክ ነው። ለብዙዎች የመጀመሪያ ማረፊያ፣ የአገር ልጅ የሚገኝበት፣ የቤት ወሬ የሚሰማበት፣ ደመወዝ በወጣ ማግስት ለኮምቦልቻ፣ ለከሚሴ፣ ለጅማና ለአርሲ የሚላክ ገንዘብ የሚቆጠርበት ቦታ ነበር። የደቡብ ጅዳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ ባለፉት ዓመታት ፈርሰዋል፤ ገንዘብ መላኩም ከመስኮት ሰልፍ ወደ እጅ ስልክ ተሻግሯል። ላኪው ከዒሻ ሶላት በኋላ ስልኩን ነክቶ ይተኛል። እናቱ ደግሞ በማግስቱ ረፋድ ባንክ ቤት ትሄዳለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ሌሊት ማንም አያየውም። ሆኖም አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በዚያ ሌሊት ነው።

በሌሊት የሚሠራው ሰው ሳይሆን የሰዓት ሰሌዳ የተሰጠው አገልግሎት ነው። በማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ላይ «ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤጀንት» ይባላል፤ በሌሎቹም ዘንድ በተለያየ ስም አለ። የቀኑን ሒሳብ ይደምራል፣ የክፍያ ትእዛዞችን ሰብስቦ ወደ ሌላ ተቋም ይልካል፣ የደመወዝ ዝርዝር ያዘጋጃል፣ የመጠባበቂያ ቅጂ ይወስዳል፣ አንዳች ነገር ሲበላሽ ለተረኛው ባለሙያ መልእክት ይልካል። በቀድሞው ሒጃዝ በረመዳን ሌሊት ከበሮውን እየመታ ለሱሑር የሚቀሰቅሰውን መሰሓራቲ የሚያስታውስ ሰው የዚህን አገልግሎት ጠባይ በቀላሉ ይረዳል። መሰሓራቲው ራሱ እንቅልፍ ከጣለው የሚቀሰቅሰው የለም፤ ሰፈሩም የሚያውቀው የፈጅር አዛን ከተሰማ በኋላ ነው። ከነቃም በኋላ ወደኋላ ተመልሶ ያለፈውን ሱሑር ሊያስበላ አይችልም። ኤጀንቱም እንዲሁ ነው። ቆሞ በነበረበት ሰዓት ያለፉትን ሥራዎች ሲነሳ አይሠራቸውም፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አስልቶ ይጠብቃል እንጂ። ስለዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሠራ የነበረ የክፍያ ሥራ፣ አገልግሎቱ ለዐሥር ደቂቃ ብቻ ቆሞ ያ ሰዓት ካለፈው፣ እስከ ሚቀጥለው ሌሊት ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍም አይወጣም፤ ያልተጀመረ ሥራ አልተሳካም ተብሎ አይመዘገብምና።

ይህን አገልግሎት በተመለከተ በየቢሮው የሚሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው። አንድ ሥራ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ አለቃው ከቤቱ ይደውላል፣ «ሪስታርት አድርገው» ወይም «አጥፍተህ አስነሳው» ይላል፣ ስልኩም ይዘጋል። ትእዛዙን የሚቀበለው በአብዛኛው ከሁሉ ያነሰ ልምድ ያለው የሌሊት ተረኛ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ከተሞች እስከ አዲስ አበባ ድረስ በዚህ ቦታ የሚገኙት ወጣቶች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ከነርሱም ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው።

ትእዛዙ ቀላል የሚመስልበት ምክንያት አለ። ኤጀንቱ ሲቆም ዳታቤዙ ራሱ አይቆምም፤ ደንበኞች ይገባሉ፣ ሒሳባቸውን ያያሉ፣ ያዛውራሉ። የማስነሳቱ ሥራ የሚወስደውም ጥቂት ሰከንዶች ነው። ስልክ የሚደውል፣ የሚጮህ የለም። አደጋውን የሚደብቀውም ይኸው ጸጥታ ነው።

በመጀመሪያ፣ በዚያች ቅጽበት በመካሄድ ላይ የነበረ ሥራ አለ። ኤጀንቱ እንዲቆም ሲታዘዝ በሂደት ላይ ያሉ ሥራዎች እንዲያበቁ የሚጠብቀው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ማንም ካልቀየረው 15 ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ ይቆርጣቸዋል። ለምሳሌ የ900 ሠራተኞችን ደመወዝ አንድ በአንድ እያጸደቀ የሚሄድ ሥራ ይታሰብ። በ560ኛው ሰው ላይ ተቆረጠ። ዳታቤዙ ያልጸደቀውን ወደኋላ ይመልሳል፤ የጸደቁት 560ዎቹ ግን ጸድቀዋል። ጠዋት ሥራውን ያየ ሌላ ባለሙያ «አልተሳካም» የሚለውን ብቻ አንብቦ ከመጀመሪያው ቢያስጀምረው 560 ሰዎች ሁለት ጊዜ ይከፈላቸዋል። ጭራሹን ትቶት ቢሄድ ደግሞ 340 ቤተሰቦች ያለ ደመወዝ ይውላሉ። ሥራው የተከፈለውን ካልተከፈለው የሚለይበት ምልክት ተጽፎለት ከሆነ ይህ ሁሉ አይመጣም። ይህን ምልክት መጻፍ የሌሊት ተረኛው ሥራ አይደለም፤ ፕሮግራሙን ከዓመታት በፊት የጻፈው ሰው ነው መጻፍ የነበረበት። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ዕዳ ጽሕፈትና ስለ ምስክር የወረደው መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ፣ የተከፈለና ያልተከፈለ ሳይለይ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ምን ያህል ከአደራ የራቀ እንደሆነ አይጠፋውም።

ሁለተኛው ወጥመድ የይለፍ ቃል ነው። አገልግሎቱ የሚሠራው በአንድ አካውንት ስም ነው። የዚያ አካውንት የይለፍ ቃል ከሦስት ወር በፊት ተቀይሮ በአገልግሎቱ ላይ ሳይታደስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እስካልቆመ ድረስ ምንም ሳይታወቅ ይሠራል። በቆመበት ሌሊት ግን አልነሳም ይላል። ተረኛው ወጣት «እኔ አበላሸሁት» ብሎ ይደነግጣል፤ እውነቱ ግን የተበላሸው ከሦስት ወር በፊት ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ አነሳሱ ነው። ኤጀንቱ ሲጫን ማንም ካልቀየረው በእጅ የሚነሳ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ሰርቨሩ ሌሊት ዝማኔ ተቀብሎ ራሱን ሲያስነሳ ዳታቤዙ ይነሳል፤ ኤጀንቱ ግን ተኝቶ ይቀራል። ሁሉ ሰላም ይመስላል። የመጠባበቂያ ቅጂ የሚወስድ የለም። የግብይት መዝገቡ ቅጂ ካልተወሰደለት ሙሉ ጥበቃ በተመረጠላቸው ዳታቤዞች ላይ እያበጠ ይሄዳል፤ ዲስኩን የሞላ ዕለት ዳታቤዙ አዲስ ነገር መጻፍ ያቆማል። የማስጠንቀቂያ መልእክት መላክ የነበረበትም ያው የተኛው አገልግሎት ነው።

ነገሩ የባለሙያዎች ጭንቀት ብቻ የሚመስለው ካለ የብሪታንያን ታሪክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ጁን 2012 የስኮትላንድ ሮያል ባንክ ቡድን የሌሊት ሥራዎችን በቅደም ተከተል የሚያስኬደውን ሶፍትዌር አዘመነ። ችግር ሲታይ ባለሙያዎቹ ዝማኔውን አንስተው ወደ ቀድሞው ለመመለስ ወሰኑ። የመመለሱ ውጤት ግን በቅድሚያ አልተፈተነም ነበር። በዚያ ሌሊት የሥራ ሰልፉ ተዛባ፤ የአንዱ ሌሊት ሥራ ሳያልቅ የሌላው ደረሰ፤ እየተደራረበ ሄደ። በናትዌስት፣ በሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድና በአልስተር ባንክ ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ተጎዱ። ደመወዝ አልገባም፣ የቤት ዕዳ ክፍያ አልደረሰም፣ በውጭ አገር የነበሩ ሰዎች ያለ ገንዘብ ቀሩ። የአልስተር ባንክ ደንበኞች ለሳምንታት ተቸገሩ። ተቆጣጣሪዎቹ በኖቬምበር 2014 በድምሩ 56 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡ። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ቢኖር ጠላት ሰብሮ አለመግባቱ ነው። ማሽንም አልተቃጠለም። ጉዳዩ አንድን የሥራ አስያዥ አገልግሎት ወደነበረበት መመለስ ብቻ ነበር።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ ደግሞ መጋቢት 6 ቀን 2016 ለመጋቢት 7 አጥቢያ የሆነው አይረሳም። ረመዳን በገባ በአምስተኛው ቀን ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ እክል ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ ተዛመተ፤ በየማሽኑ ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች መፈጸማቸውን፣ ያላግባብ የተወሰደውም 801 ሚሊዮን ብር ያህል መሆኑን ገለጸ። የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑንም አስታወቀ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ተማጸኑ፤ ባንኩም ያልመለሱ 567 ሰዎችን ስም ዝርዝር ለሕዝብ አወጣ። የራሱ ያልሆነን ገንዘብ እያወቀ የወሰደ ሰው አማና በልቷል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን የሕዝቡ ውይይት በሙሉ በወሳጆቹ ላይ ሲያተኩር ሌላው ጥያቄ በዝምታ ታለፈ። ማሻሻያው ከመለቀቁ በፊት ማን ፈተነው? ከተለቀቀ በኋላስ የመጀመሪያዎቹን ግብይቶች ቆሞ ያየ ማን ነበር? ስማቸው በየግድግዳው ከተለጠፈው ወጣቶች ይልቅ ለነገው የሚጠቅመው የነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነበር።

ታዲያ በሥርዓት ማስነሳት ምን ይመስላል? ከማስነሳቱ በፊት ማስነሳት ያስፈልጋል ወይ የሚለው ይቀድማል። ተንጠልጥሏል የተባለው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሌላ ተጠቃሚ የያዘውን ሰንጠረዥ ነው፤ የያዘው እስካልለቀቀ ድረስ ኤጀንቱን መቶ ጊዜ ማስነሳት አይረዳም። ያን አንዱን ሥራ ብቻ ማስቆም እየተቻለ አገልግሎቱን በሙሉ ማጥፋት፣ አንድ መንገደኛ ስለታመመ መርከቡን እንደማስጠም ነው። ማስነሳት የግድ ከሆነ፣ ተረኛው በመካሄድ ላይ ያሉትን ሥራዎች ዝርዝር ያወጣል፤ ለዚህ የተሠራ ማሳያ በማስተዳደሪያው ፕሮግራም ውስጥ አለ። ረጅሙ ሥራ ሲያልቅ ይጠብቃል ወይም ባለቤቱን ጠርቶ ያስቆመዋል። በሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ሊጀምሩ የተቀጠሩትንም በወረቀት ይጽፋል፤ ካለፉ በእጅ የሚያስጀምራቸው እርሱ ነውና። ኤጀንቱ ሲነሳ አብረው እንዲጀምሩ የታዘዙ ሥራዎች ካሉም አስቀድሞ ይለያቸዋል፤ በእኩለ ሌሊት ባልታሰበ ሰዓት የሚነሳ የሪፖርት ሥራ ሲስተሙን ሲያንቀው ታይቷል።

ከዚያ እጁ የት ላይ እንደሆነ ያያል። በማስተዳደሪያው ዛፍ ላይ የሰርቨሩ ስም ከላይ፣ የኤጀንቱ ስም ከታች ነው። በስህተት ከላይኛው ላይ «ሪስታርት» የተጫነ እንደሆነ የሚወድቀው ዳታቤዙ ራሱ ነው፤ በሥራ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይቆረጣል። ይህ ስህተት የሚሠራው ባለማወቅ አይደለም፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በሚመጣ ድካም ነው። ሰርቨሮቹ በክላስተር የተያያዙ ከሆኑም ማቆምና ማስነሳቱ በክላስተሩ መሣሪያ በኩል ይሆናል፤ ካልሆነ ክላስተሩ አገልግሎቱ የወደቀ መስሎት በራሱ እርምጃ ይወስዳል። በነጻ የሚሰጠው «ኤክስፕረስ» እትም ላይ ኤጀንቱ ጭራሽ የለም፤ የጅዳም የመርካቶም ትንንሽ ሱቆች ሥራቸውን በዊንዶውስ የሰዓት ሰሌዳ ያስኬዳሉ። ለነርሱም ጥንቃቄው ያው ነው፤ መሣሪያው ቢለይም።

ከተነሳ በኋላ ሥራው አላለቀም። «ሩኒንግ» የሚለውን አረንጓዴ ምልክት አይቶ ቤቱ የሚሄድ ተረኛ ግማሹን ብቻ ነው የሠራው። አገልግሎቱ መነሳቱ አንድ ነገር ነው፤ ሥራ መጀመሩ ሌላ። የአገልግሎቱን መዝገብ ማንበብ፣ የተቆረጡት ሥራዎች የት ላይ እንደቆሙ ማየት፣ ያለፉትን በእጅ ማስጀመር፣ ቀጣዩ የተቀጠረ ሥራ በሰዓቱ ተነስቶ በሰላም እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሚጠበቀው ሩብ ሰዓት ቢሆን ሩብ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ቢሆን አንድ ሰዓት ነው።

ስለ ሰዓት ከተነሳ፣ በሐበሾች ዘንድ የሚያጋጥም አንድ ጉዳይ አለ። ጅዳና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ናቸው፤ በመካከላቸው የደቂቃ ልዩነት የለም። አቆጣጠሩ ግን ስድስት ሰዓት ይለያያል። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አስነሳው» ሲል 02:00 ማለቱ ነው። ጅዳ ውስጥ ያደገ የሐበሻ ልጅ ግን ይህንኑ ቃል ከምሽቱ 20:00 ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ነው። የሒጃዝ አባቶችም በአንድ ወቅት ቀናቸውን ከመግሪብ ጀምረው ሲቆጥሩ ኖረዋልና፣ ግራ መጋባቱ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ጁምዓ ሌሊት ሲባልም ሐሙስ ማታ ማለት ነው ወይስ ዓርብ ማታ? በወረቀት ላይ ቀኑም ሰዓቱም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ሊጻፍ ይገባል፤ በስልክ የተነገረ ሰዓት ደግሞ ተደግሞ ሊነበብ።

ይህን ሁሉ የሚቃወሙ አሉ። ሥርዓት ማብዛት ሥራ ያጓትታል፣ ሌሊት የተንጠለጠለ ነገር ፈጣን እጅ ይፈልጋል ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። መጠበቅ የማይቻልባቸው ሌሊቶች አሉ፤ አንድ ሥራ ሲስተሙን ሁሉ ቆልፎ ሲይዝ መቁረጥ ግዴታ ይሆናል። ነገር ግን እያወቁ መቁረጥ አንድ ነው፣ ምን እንደተቆረጠ ሳያውቁ መቁረጥ ሌላ። ዝርዝሩን ማውጣት ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ኃላፊነቱ የት ላይ ያርፋል? በብዙ ቢሮዎች ልማድ ትእዛዙ በቃል ይሰጣል፣ ስህተቱ በጽሑፍ ይመዘገባል። ተረኛው «በራሱ ፈቃድ» እንዳደረገው ይሆናል። የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎች በዚህ ረገድ የሄዱበት መንገድ ሊታይ ይገባዋል። የቲኤስቢ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ አዲስ ሲስተም ሲሸጋገር እጅግ ብዙ ደንበኞች ከሒሳባቸው ተቆለፉ። በ2022 ባንኩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ፤ በ2023 ደግሞ የቀድሞው የመረጃ ቴክኖሎጂ ኃላፊ በግሉ 81,620 ፓውንድ እንዲከፍል ተወሰነበት። የተቀጣው ቁልፉን የተጫነው ተረኛ አልነበረም። አቅራቢው ዝግጁ መሆኑን ሳያረጋግጥ የቀረው አለቃ ነበር።

በዚህ በኩል በሁለቱ ቅዱሳን ከተሞች አካባቢ ያለው ሥራ ልዩ ክብደት አለው። በ1445 ዓመተ ሒጅራ 1,833,164 ሑጃጆች መካን ረግጠዋል። ፈቃዳቸው፣ ማደሪያቸው፣ አውቶቡሳቸው፣ ሕክምናቸው በአንድ ወይም በሌላ ዳታቤዝ ውስጥ ተመዝግቧል። በዙልሒጃ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት አስቸኳይ ያልሆነ ማሻሻያም ሆነ ማስነሳት እንዳይደረግ የሚከለክል ደንብ ማውጣት ለማንኛውም ድርጅት ከባድ አይደለም፤ የግድ ከሆነም ሁለት ሰው በተገኘበት እንዲደረግ። ለሑጃጆች የምግብና የመጓጓዣ አገልግሎት የሚሰጡ ትንንሽ ድርጅቶችም ከዚህ ውጪ አይደሉም። አንድ የአውቶቡስ ድልድል ዝርዝር በሰዓቱ ሳይወጣ ቢቀር በሚና የሚቆመው ሽማግሌ ሑጃጅ ነው።

በጅዳና በመካ በኮምፒዩተር ሥራ የተሰማሩ የሐበሻ ወጣቶችም «አጥፍተህ አስነሳው» ሲባሉ አንድ ነገር የመጠየቅ መብት አላቸው፦ ትእዛዙ በአጭር መልእክት ይላክላቸው። ስንት ሰዓት፣ የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው አገልግሎት፣ ማን አዘዘ። አራት መስመር ነው። ከእነርሱ በኩል ደግሞ ከማስነሳታቸው በፊት የወሰዱትን ዝርዝርና ከተነሳ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ በሰላም ያለቀበትን ሰዓት ከሥሩ ጽፈው ለጠዋቱ ተረኛ ያስረክባሉ። የጠዋቱ ተረኛ ይህን ወረቀት ሳያነብ የትኛውንም ያልተሳካ ሥራ እንደገና ማስጀመር የለበትም፤ ከ560ዎቹ መካከል ሁለት ጊዜ የሚከፈለው ሰው የሚገኘው በዚያች ሰዓት ነውና።